ዝናብ ሲመጣ ገመድ አላላ

«እንደገና የተገኘ» ይላል ሽፋኑ። «የጥንት ስካውቶች የካምፕ ጥበብ፤ እንደገና የተገኘ።» ከጽሑፉ በታች ሁለት ድንኳንና አንድ ጨረቃ ተስሏል።

ሻምበሏ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበችው። አንብባም አላመነችም፤ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ በመጨረሻ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ የስፌት መኪናዋ ላይ ጣለችው።

«ማን ጠፍቶ ነው የተገኘው?» አለች።

«መጽሐፉ ነዋ፣ አክስቴ» አለች በሩ ላይ የቆመችው የእህቷ ልጅ። የወጣት ማእከሉ አስተባባሪ ናት፤ ስትደሰት ቃላቱ ከአፏ እየተጋፉ ነው የሚወጡት። «ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። አንድ ሰው አሮጌውን መማሪያ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ አስቀምጦታል። አሳትሜ አስጠረዝኩት። ቋጠሮው፣ የእሳት አነሳሱ፣ የአቅጣጫ ፍለጋው፣ ምን የሌለ አለ! ለካምፕ ፕሮጀክታችን ልክ ነው። የጥንት ሰዎች ግን እንዴት ያስቡ ነበር!»

«የጥንት ሰዎች።»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ የጥንት ሰው? እኔ ይሄን ቋጠሮ ስቋጥር ሰማይና ምድር ገና አልተላቀቁም ነበር በይኛ!»

ልጅቱ ሳቀች። መሳቅ አልነበረባትም። «ለዚሁ ነው የመጣሁት እኮ። ቅዳሜ የመጀመሪያው ካምፕ ነው፤ የክብር እንግዳ ሆነሽ ትመጫለሽ። ጥላ ሥር ወንበር እናዘጋጅልሻለን፣ ትንሽ ትዝታ ትነግሪያቸዋለሽ፣ ልጆቹ ያጨበጭቡልሻል...»

«ከዚያ ትቀብሩኛላችሁ።»

ጥግ ላይ በተጠቀለለ ሸራ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣው ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ሻምበል፣ ቀስ። ልጅቷ ጋበዘችሽ እንጂ መቼ ሰደበችሽ?»

«አንተ ዝም በል። ጥንት የተባልከው አንተ አይደለህም።»

«እኔማ ከጥንትም በፊት ነኝ» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ሻምበል የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ወታደር ሆና አታውቅም። ባገባት ሰሞን ግን ሌሊቱን የጣለ ዝናብ ጣራቸውን ሲያፈስ፣ አልጋውን ወዲያ፣ ሳጥኑን ወዲህ፣ ባልዲውን እዚህ እያለች ስታዘው አድራ፣ ጠዋት ለጎረቤት «ሴት መስሎኝ ሻምበል አገባሁ» ብሎ አወራ። ሰፈሩ ስሙን ወደደው። አሁን ሸራ የሚያሰፋ ሁሉ «ሻምበሏ አለች?» ብሎ ነው የሚገባው።

ማዘዙን ግን የተማረችው ሌላ ቦታ ነው። ልጅ ሳለች በትምህርት ቤታቸው አንድ የስካውት ቡድን ነበር፤ መሪያቸው ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና የሒሳብ መምህርት ነበረች። ሴትዮዋ የካምፕን ሕግ የምታስተምረው እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው፤ በጩኸት፣ በአንድ ላይ፣ እስኪያቅለሸልሽ። «ነፋስ ሲመጣ?» ትላለች። «በሩን አዙር!» ይላሉ። «ዝናብ ሲመጣ?» «ገመድ አላላ!» «ስትሄድ?» «አመድ ቅበር!» ሻምበሏ ከሁሉም ቀድማ ትጮህ ነበር። ቤቷ ውስጥ ስድስተኛ ልጅ ናት፤ የሚሰማት አልነበረም። ሜዳ ላይ ግን ፉጨቷን ስታሰማ ሌሎች ልጆች ሮጠው ይሰለፋሉ። ይህን ደስታ የቀመሰ ሰው እንዴት ይረሳዋል?

ከዚያ አንድ ቀን የቢሮ ሰዎች መጥተው ድንኳኖቹ የሚቀመጡበትን አዳራሽ ለሲሚንቶ ማከማቻ ፈለጉት። ያስፈለጋቸው ለአንድ ወር ነበር። ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱ ዓመታት ወለደ፤ ድንኳኖቹ ሲሚንቶ ተጭኗቸው በሰበሱ፤ መምህርቷም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ሻምበሏ፣ ያኔ ረዳት መሪ ሆና ነበር፣ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች ለመነች። «እናያለን» አሏት። እስኪያዩ አረጀች። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቋጠሮ ለማንም አላስተማረችም። እህቷ ሞታ ልጅቱን ስታሳድግ እንኳ፣ ልጅቱ በስፌት መኪናው ሥር በሸራ ቁርጥራጭ እየተጫወተች አድጋ እንኳ፣ «ይሄ እንዴት ነው የሚታሰረው?» ስትላት «ምን ያደርግልሻል፣ አርፈሽ አጥኚ» ነበር መልሷ። ቂሟ በሰዎቹ ላይ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ልጅቱ ናት። ይህን ያን ጊዜ ብትነግሯት ትቆጣ ነበር።

«ድንኳኖቹንስ ማን ሰፋቸው?» አለች አሁን።

ባልየው ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ዝግጁ የሆኑ... ከሱቅ ነው የተገዙት፣ አክስቴ።»

«አሃ! ሸራ ሰፊ አክስት እያለሽ ከሱቅ። እኔ ለትዝታ፣ ሱቁ ለድንኳን።» መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ቆሽቷ አሯል። «ስሚ። ወንበርሽን ለሌላ አሮጊት ስጪ። እኔ ከመጣሁ ለሥራ ነው የምመጣው። ድንኳኖቹ የኔ ይሁኑ። ተከላው፣ ጥበቃው፣ ማንሳቱ። እምቢ ካልሽ፣ ጨረቃሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ልጅቱ አሰበችበት። ይህቺን ሴት ታውቃታለች። «እሺ። ድንኳኖቹ ያንቺ። ልጆቹ ላይ ግን አትጩሂ።»

«መቼ ጮኼ አውቃለሁ?» ብላ ጮኸች።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ ድንኳኖቹን አቆመች። መቼም ጥሩ አቆመቻቸው። ልጆቹን በሁለት በሁለት ከፍላ፣ ካስማው ወደየት እንደሚያዘነብል፣ መዶሻው የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ገመዱ እንዴት እንደሚወጠር አሳየች፤ በሁለት ጣቷ ስታፏጭ ሜዳው ጸጥ አለ። ያልወደደችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስፖርት አስተማሪው። ወጣት፣ ጡንቻማ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ልጅ ነው፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እማማ፣ ደከመዎት?» ይላታል።

«እናትህ ደከማት?»

«አይ፣ እማማ፣ እኔ ለእርስዎ አስቤ...»

«ለራስህ አስብ። ያ ካስማ ያንተ ነው? እንደ ሰካራም ጋደም ብሏል።»

ከሰዓት በኋላ የእህቷ ልጅና የስፖርት አስተማሪው ልጆቹን ይዘው ኮምፓስ ሊያለማምዱ ወደ ጫካው ሄዱ። ሻምበሏ ብቻዋን ከድንኳኖቿ ጋር ቀረች። ልክ እንደ ድሮው፤ ረዳት መሪዋ ሰፈሩን ትጠብቃለች። በመካከላቸው እየተመላለሰች ገመዱን በጣቷ ትመታለች፤ ድም ይላል። ደስ አላት። ደስታዋን የሚያይባት ሰው ባለመኖሩም ደስ አላት።

ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። ነፋሱ ሣሩን አስተኛው። ነጎድጓዱ ከተራራው ጀርባ ሲያጉረመርም አንድ የቆየ ድምፅ ከሆዷ ተነሣ፤ ዝናብ ሲመጣ? እግሯ ከአእምሮዋ ቀደመ። ገመድ አላላ! ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ሮጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ ሮጠች፤ የእያንዳንዱን ገመድ ማጥበቂያ ገፋ፣ ላላ፣ ገፋ፣ ላላ። የመጨረሻውን ስታላላ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጀርባዋን መቱት። የእህቷ ልጅ ከልጆቹ ጋር ከጫካው እየሮጠች ስትወጣ ያየቻት እንደዚያ ነው፤ ጎንበስ ብላ ገመድ ስታላላ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ድንኳኖቹ መጀመሪያ ሆዳቸውን ነፉ፤ ውሃ በሆዳቸው ቋጠሩ፤ ከዚያ አንዱ ተንበረከከ፣ ሌላው ተከተለው። ነፋሱ የላሉትን ሸራዎች እንደ እርጥብ አንሶላ እያራገበ ካስማዎቹን ነቀለ። የልጆቹ ብርድ ልብስ፣ ቦርሳ፣ ዳቦ፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ተኛ። አንዲት ትንሽ ልጅ የወደቀው ድንኳን ውስጥ ገብታ አሻንጉሊቷን ስትፈልግ ሸራው ተጠቀለለባትና ጩኸቷን ለቀቀችው፤ የስፖርት አስተማሪው በእግሯ ጎትቶ አወጣት።

ሻምበሏ መካከል ላይ ቆማ ነበር። እጇ ውስጥ አንድ የገመድ ጫፍ ቀርቷል። ጨመቀችው። ለስላሳ ነው፣ የሚያንሸራትት፣ የሚያብረቀርቅ። ናይሎን።

ያን ጊዜ ገባት። ማንም ሳይነግራት፣ እዚያው ውሃው በአንገቷ እየገባ ገባት።

«ምን እያደረግሽ ነበር?» የእህቷ ልጅ ፊቷ ቆማለች፤ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። «አይቼሻለሁ! ገመዶቹን ስታላዪ አይቼሻለሁ!»

ሻምበሏ አፏን ከፈተች። ልጆቹ ሁሉ ያያሉ። የስፖርት አስተማሪው ያያል።

«ሆን ብለሽ ነው» አለች ልጅቱ። «ከሱቅ ስለተገዙ። የክብር እንግዳ ስላልኩሽ። ፕሮጀክቱ ይፍረስልኝ ብለሽ ነው! በልጅ ላይ፣ አክስቴ? በልጅ ላይ?»

ክፉ ከመባልና አላዋቂ ከመባል የቱ ይሻላል? ሻምበሏ በዚያች ቅጽበት መርጣለች። «ያልሽውን በይ» አለች፤ ገመዱን ጣለችና በዝናቡ ውስጥ ወደ መንገዱ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ፎጣ ይዞ ጠበቃት። የሆነውን በአራት ቃል ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

«ናይሎን ነው ያልሽኝ?»

«ናይሎን።»

«አላላሽው?»

«አላላሁት አልኩህ!»

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ክረምት በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሜ የጭነቱን ገመድ ደግሜ የማጠብቀው ስንቴ ነው? ናይሎን ውሃ ሲነካው ይረግባል። ይሄን ለኔ የነገርሽኝ እኮ አንቺ ነሽ! ገመዱን የምትሸጪው አንቺ ነሽ!»

«አውቃለሁ!» ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታችው። «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ቃጫ ነው ውሃ ሲጠጣ የሚያጥረው፤ ካልላላ ካስማ ይነቅላል። ሕጉ የቃጫ ነበር። መምህርቷ ቃጫ ስለሆነ ብላን ነበር፤ እኛ ግን ጩኸቱን ይዘን ምክንያቱን ጣልነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ ስሆን ሁሉን አውቃለሁ። እዚያ ሜዳ ላይ ስደርስ ግን... አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ገባህ? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ!»

«እና ይሄንኑ ለምን አትነግሪያትም?»

«ያ ፊሽካ ያንጠለጠለው እየሳቀ? "እማማ ረስተው ነው" እያለ? አልነግራትም። ክፉ ነች ይበሉኝ፤ ክፉ ሰው ይፈራል።»

ባሏ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «እሺ ሻምበል። ግን ያቺ መጽሐፍ ውስጥ ያ ሕግ የለም?»

እሱ ወደ ጓዳ ሲገባ መጽሐፉን ከስፌት መኪናው ላይ አንስታ ገለጠችው። አለ። ከነሥዕሉ፣ በወፍራም ፊደል። ዝናብ ሲመጣ ገመድ አላላ። ስለ ቃጫ አንዲት ቃል የለም፤ ያኔ ሌላ ዓይነት ገመድ ስላልነበረ ማን ይጽፈዋል? የትምህርቱ መርሐ ግብር ከሽፋኑ ጀርባ ተለጥፏል፤ ይህ ገጽ ለሚቀጥለው ካምፕ ነው። የሚቀጥለው ካምፕ ሐይቁ ዳር ነው። ከትናንሾቹ ጋር።

የተናደደችው ሰኞ ጠዋት ነው ማለት ይቻላል፤ እስከዚያ የነበረው ማሟሟቂያ ነው። በትምህርት ቤቱ ላይ ተናደደች፣ በሲሚንቶው፣ በገመድ ፋብሪካው፣ ፎቶ ባነሳው ሰው፣ ባሏ ላይ ልክ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ ላይ። የናይሎንና የቃጫ ጥቅል በእጇ ይዛ ወደ ወጣት ማእከሉ ገባች። ሰላምታ የለም። ከአንዱ የበረንዳ ምሰሶ ወደ ሌላው ሁለቱን ገመዶች አስተካክላ ወጠረች፤ የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ ሳትጠይቅ አነሳችና ውሃውን ደፋችባቸው።

የእህቷ ልጅ ከቢሮዋ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «አሁን ደግሞ ምን ልታፈርሺ መጣሽ?»

«ቆመሽ እዪ።»

«ሥራ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ብቻ ግማሾቹ ወላጆች ደውለው ልጆቻቸውን አስወጥተዋል።»

«እዪ አልኩሽ!»

ቆሙ። ውሃው ተንጠባጠበ። ቃጫው እየተኮማተረ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ ናይሎኑ ግን ቀስ በቀስ ሆዱን ጣለ። ሻምበሏ ናይሎኑን በጣቷ መታችው፤ ድምፅ አልሰጠም።

«ሆን ብዬ አይደለም» አለች፣ ምሰሶውን እያየች። «ሕጉን ነው ያደረግኩት። ሕጉ የቃጫ ነው። ገመድሽ ናይሎን ነው። ስቼ ነው። ይኸው፣ ሰማሽ? ስቼ ነው! ያንን ገጽ ሳታስተካክዪ ሐይቁ ዳር ብታስተምሪ ደግሞ እነዚያ ሕፃናት ላይ ድንኳን ይወርዳል።»

ልጅቱ ሁለቱን ገመዶች በጣቷ ነካች። ሻምበሏ የጠበቀችው ይቅርታ ነበር፤ ቢያንስ እቅፍ። የመጣው ሌላ ነው።

«እኔ መጽሐፉን ለምን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩት?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፤ ከዚያ ቀስታው ጠፋ። «ለምን? መጽሐፉ አንቺ ነበርሽ፣ ቤቴ ውስጥ! ከመኪናሽ ሥር ቁጭ ብዬ "አክስቴ አሳይኝ" ስልሽ ነበር! ቃጫና ናይሎን እንደሚለያይ አንድ ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን፣ አንቺ ስትስቺ እኔ አርምሽ ነበር! ሁሉን ነገር በሆድሽ ይዘሽ ኖረሽ፣ አሁን "ከሱቅ ገዛሽ" ትዪኛለሽ?»

«ተናድጄ ነበር» አለች ሻምበሏ።

«ሃያ ዓመት?»

«ከዚያም በላይ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ከወዲያ «ባልዲዬን!» አለች፤ ማንም አልሰማትም።

«እሺ» አለች ልጅቱ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ። «ገጹን አስተካክለዋለሁ። ድንኳኖቹንም መልሼ እሰጥሻለሁ። ግን ካምፕ የሚባል ነገር እንዲኖር ልጅ ያስፈልጋል። ለኔ የነገርሽኝን ለወላጆቹም ትነግሪያቸዋለሽ። በየቤታቸው። በራስሽ አፍ። እኔ "አክስቴ ስታ ነው" ብላቸው ዘመዷን ትሸፍናለች ይሉኛል።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ክፉ ነች ብለሽ ብትነግሪያቸው አይቀልሽም?»

«አክስቴ!»

መጀመሪያ የሄዱት አሻንጉሊቷን ስትፈልግ ሸራው የተጠቀለለባት ልጅ እናት ዘንድ ነው። ሴትዮዋ ጸጉር ቤት አላት፤ በዚያ ሰዓት ቤቱ ሞልቷል። አንዷ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣለች፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን መታጠቢያው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ። ሻምበሏ ደፍ ላይ ስትቆም ወሬው ቆመ።

«አንቺ ነሽ?» አለች የጸጉር ቤቱ ባለቤት፣ ማበጠሪያውን እንደ ዱላ ይዛ። «ድንኳኑን ልጄ ላይ የጣልሽው አንቺ ነሽ? ሌሊቱን ስታስል ነው ያደረችው!»

የእህቷ ልጅ ከኋላ ቆማለች፤ አንዲት ቃል አልረዳቻትም። የሻምበሏ ጆሮ ጋለ። መዞር ይቻላል። በሩ ክፍት ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሆን ብዬ አይደለም። ናይሎን ገመድ በዝናብ ይረግባል፤ መጥበቅ ነበረበት፤ እኔ አላላሁት።»

«ሥራሽ ምንድን ነው አንቺ?» አለች ተራ ከምትጠብቀው አንዷ።

«ሸራ እሰፋለሁ።» ጥርሷን ነከሰች። «ገመድም እሸጣለሁ።»

ካስኩ ሥር ያለችው መጀመሪያ ፈነዳች። ከዚያ ሁሉም። ጭንቅላቷ የሚታጠበው እንኳ ሳሙናው ዓይኗ እስኪገባ ሳቀች። «ገመድ ሻጯ!» «ወይ አምላኬ፣ ገመድ ትሸጣለች እኮ ነው የምትለን!» ሻምበሏ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመች፤ ደሟ እየፈላ፣ ጡጫዋን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ፣ አንዷንም ሳትሳደብ ቆመች። ቆማ እንዲህ መጠበቅ በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ የከበደው ሥራ ነው።

ሳቁ ሲበርድ «ስቃችሁ ጨረሳችሁ?» አለች። «ልጅሽን ለሐይቁ ካምፕ ላኪያት። ብርድ ልብሷን በላስቲክ ጠቅልዪላት። የእሷን ድንኳን ገመድ እኔ ራሴ ነኝ የምወጥረው፤ ከረገበ መጥተሽ በዚያ ማበጠሪያ ምቺኝ።»

የጸጉር ቤቱ ባለቤት አየቻት፤ ማበጠሪያውንም አየችው። «እናያለን» አለች።

ይህን ቃል ሻምበሏ ከነዚያ ቢሮዎች ታውቀዋለች። ልትመልስላት ስትል የእህቷ ልጅ ክንዷን ይዛ በፍጥነት ወደ መንገድ አወጣቻት።

«እናያለን አለችኝ! ሰማሻት? እናያለን!»

«ሰምቻለሁ፣ አክስቴ። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ ነው። እዚያ ደግሞ ሰልፍ አለ።»